“ወረቀቱ የታለ?” ስለ ፍሪሜሶኖች የተወራውና የተጻፈው

(ከዚህ በታች የሚነበበው ሰሞኑን በአንድ የጽሑፍ ወዳጆች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። እዚህም እዚያም ከማሳጠር በቀር አልነካካሁትም።)



“ምስጢራዊ ማኅበራትና ጋዜጠኛው” በሚል ርዕስ እንድናገር የጋበዙኝ ወንድሞች ስለ ፍሪሜሶኖች የማውቅ መስሏቸው ነው። አልተሳሳቱም። ግን ያወቅሁት ከተሳሳትኩ በኋላ ነውና ከስሕተቴ ልጀምር።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ በጽሑፍ ልክ እየተከፈለኝ ስኖር፣ በሰፈራችን አንድ የቤት ሥራ ኮንትራክተር ነበሩ። ታፔላቸው ላይ ስኳድራና ኮምፓስ ተስሏል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ የተባዛ ጽሑፍ አንብቤ፣ ስኳድራና ኮምፓስ የፍሪሜሶን ምልክት መሆኑን ተምሬያለሁ። በቃ! “ምስጢራዊው ማኅበር በመዲናችን?” ብዬ ጻፍኩ። ስማቸውን አልጠራሁም። ግን ሰፈሩን፣ የታፔላውን ቀለምና የመኪናቸውን ዓይነት ከዘረዘርኩ ወዲያ ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ጋዜጣዋ እስከ ቀትር ተሸጣ አለቀች። ወር ሳይሞላ ያሠራቸው የነበረው ሰው ውሉን አፈረሰ። በእድር ስብሰባ ላይ ከጎናቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ “የሰይጣን ልጅ” ተባለች።

ወገኖቼ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ታፔላው ላይ ስኳድራ ካልሳለ ምን ይሳል? ጀበና?

ሎጅ ሲባል

በእኛ አገር ሎጅ ሲባል ሐይቅ ዳር ያለ መዝናኛ ነው የሚታሰበን። የፍሪሜሶኖች ሎጅ ግን አባላት በአንድ ስም ተደራጅተው የሚሰበሰቡበት ክፍል ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከጥንት ድንጋይ ጠራቢዎች መጠለያ ነው። በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1599 ጀምሮ የተጻፈ የሎጅ ቃለ ጉባኤ አለ። በኋላ ድንጋይ ጠርበው የማያውቁ መሳፍንትና ምሁራን ገቡበት፤ ስኳድራውና ኮምፓሱ ከመሣሪያነት ወደ ምሳሌነት ተዛወሩ።

ታዲያ ስለ ራሳቸው ይጽፉት የነበረው ታሪክ ከእኔ ጽሑፍ አይሻልም ነበር! ጄምስ አንደርሰን የሚባል ቄስ በ1723 ለንደን ላይ ያሳተመው የመተዳደሪያ መጽሐፋቸው ታሪኩን የሚጀምረው ከአዳም ነው። አዎ፣ ከአባታችን ከአዳም! በተረት እነሱም እንደኛው ናቸው ማለት ነው።

ወረቀት ፈላጊዎቹ

ለውጡ የመጣው በ1884 ነው። ዘጠኝ ሰዎች ተሰባስበው ሥራው ጥናት ብቻ የሆነ ሎጅ ለማቋቋም ፈቃድ አወጡ። ስሙ ኳቱኦር ኮሮናቲ፣ ቁጥሩ 2076። በሮማ ዘመን በሰማዕትነት ሞቱ ለሚባሉ አራት ባለዘውዶች መታሰቢያ የተሰጠ ስም ነው። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ቻርልስ ዋረን በኢየሩሳሌም ከመሬት በታች ቁፋሮ ያካሄደ የጦር መሐንዲስ ነበር። ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ምድር ስለተላከ ሎጁ እስከ 1886 ሳይመረቅ ቆየ። በዚያው ዓመት ዋረን የለንደን ፖሊስ አዛዥ ሆነ። ጃክ ዘ ሪፐር የተባለው ነፍሰ ገዳይ ለንደንን ሲያሸብር አዛዡ እሱ ነበር።

አሠራራቸው ቀላል ነው። አንዱ ጥናቱን ያነባል፤ ሌሎቹ ይተቹታል፤ ጥናቱም ትችቱም በአንድነት በዓመታዊ መጽሔታቸው ላይ ይታተማል። “አባቶቻችን እንዲህ ብለዋል” የሚል ሲነሳ “ወረቀቱ የታለ?” ይባላል። ከአዳም ይጀምር የነበረው ታሪክ በዚህ ጥያቄ ብቻ ስንት ሺህ ዓመት ተቀነሰበት!

ጥያቄው ግን እዚያ አላቆመም። የእንግሊዝ ፍሪሜሶኖች ዋና ማኅበር፣ ማለትም ግራንድ ሎጁ፣ ልደቱን የሚቆጥረው በለንደን አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ አራት ሎጆች ተሰበሰቡ ከተባለበት ከሰኔ 24 ቀን 1717 ነው። ሦስት መቶኛ ዓመቱ በ2017 ሊከበር ሽር ጉድ ሲባል፣ ይኸው የጥናት ሎጅ በ2016 በካምብሪጅ ጉባኤ ጠራ። እዚያ ላይ አንድሩ ፕሬስኮትና ሱዛን ሶመርስ የተባሉ የታሪክ ምሁራን ተነስተው ምን አሉ? “የ1717ቱ ታሪክ በጊዜው በተጻፈ ማስረጃ አይደገፍም። የተነገረን አንደርሰን በ1738 ባሳተመው ሁለተኛ እትም፣ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ነው። የመጀመሪያው እትም ላይ የለም። ግራንድ ሎጁ የተመሠረተው በ1721 ነው” ብለው ተከራከሩ።

እስቲ አስቡት! በሠርጉ ዋዜማ የሙሽራው ዕድሜ ውሸት ነው እንደማለት እኮ ነው። ከማኅበሩ ውስጥ 1717ን ደግፈው መልስ የሰጡ አሉ፤ ክርክሩም ቀጥሏል። በዓሉም በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ በድምቀት ተከብሯል። ነገር ግን ተከራካሪዎቹን ከመድረክ ያወረደ የለም፤ ጥናታቸውም ከጉባኤው ጥናቶች ጋር ታትሟል። የእኛ ማኅበራት፣ የእኛ ድርጅቶች፣ የምሥረታ በዓላቸው ሊከበር ሲል “ቀኑ ልክ አይደለም” የሚል ሰው ቢነሳ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? መልሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ምስጢሩ በኢንተርኔት

ዛሬ ነገሩ ሌላ ሆኗል። በ1998 ማንቸስተር ላይ ኢንተርኔት ሎጅ የሚባል፣ ቁጥሩ 9659 የሆነ ሎጅ ተቋቁሟል፤ በየአገሩ የተበተኑ አባላቱ የሚገናኙት በኢሜይል ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት የእንግሊዝ ሎጆች ሲዘጉ ውይይቱና ትምህርቱ በስክሪን ቀጠለ፤ ሥርዓቱ ግን በአካል ካልሆነ አይፈጸምም ተባለ።

ከሁሉ ያስገረመኝ መዝገቡ ነው። ከ1751 እስከ 1921 ያሉ የእንግሊዝ አባላት መዝገቦች፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ስም፣ በ2015 በአንድ የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድርጅት አማካይነት ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል። የድሮ ጋዜጦቻቸውንም ማንም ያነባቸዋል። እኔ “ከቶ የማይደረስበት” ብዬ የጻፍኩት ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ የኢንተርኔት ቤት ሒሳብ የሚነበብ ነበር!

ጠበቃቸው አይደለሁም። የእንግሊዙ ግራንድ ሎጅ ሴት አይቀበልም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1738 ጀምሮ ምእመኖቿን ከልክላለች፤ ምክንያቷን የሚጋራ ይጋራ። ሎጅን ለተንኮል የተጠቀሙበትም አሉ። በኢጣሊያ ፒ-ሁለት የተባለውን ሎጅ የያዘው ሊቾ ጄሊ የሚባል ሰው ነበር። የአገሪቱ ዋና የፍሪሜሶን ማኅበር ሎጁን በ1976 ቢያግደውም በድብቅ ሥራውን ቀጠለ። በመጋቢት 1981 መርማሪ ዳኞች ያስፈተሹት የጄሊ ንብረት ውስጥ የ962 ሰዎች ስም ዝርዝር ተገኘ። ሚኒስትሮች፣ የስለላ ሹሞች፣ ጄኔራሎች፣ የጋዜጣ አዘጋጆችም ጭምር! መንግሥት ወደቀ። ታዲያ ልብ በሉ፤ መንግሥት የጣለው ሐሜት ሳይሆን ወረቀት ነው።

ሐሜትማ የሚያመጣውን አይተናል። ሌዎ ታክሲል የተባለ ፈረንሳዊ ፍሪሜሶኖች ሰይጣን ያመልካሉ እያለ፣ ያልነበረች ሴት ፈጥሮ እያስመሰከረ፣ ከ1885 ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ቸበቸበ። ሚያዝያ 19 ቀን 1897 ፓሪስ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ “ሁሉም የፈጠራ ነበር” ብሎ ሳቀ። የእኔ የተባዛ ጽሑፍ ያመጣው ወሬ ያው የታክሲል ወሬ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሰውዬው ራሱ ከካደው ከመቶ ዓመት በኋላ እኔ ቸርቸርኩት!

ሐሜት ደግሞ ሕግ ሲሆን የባሰ ነው። ሙሶሊኒ በ1925 በምስጢራዊ ማኅበራት ስም ሕግ አወጣ። የተነገረለት ዒላማ ፍሪሜሶን ነበር። አንቶኒዮ ግራምሺ፣ ፍሪሜሶን ያልነበረ ኮሚኒስት፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ፓርላማ ላይ ተነስቶ ይህ ሕግ የሠራተኛውን ድርጅት መምቻ ነው ሲል ተቃወመ። በተከታዩ ዓመት ፓርቲዎች ሁሉ ተዘጉ፤ ግራምሺም ወህኒ ወረደ። ይኸው መንግሥት በ1935 ወደ እኛ አገር ምን ይዞ እንደመጣ መንገር አያሻኝም። ጎረቤታችሁ “ምስጢራዊ ነው” ተብሎ ሲመታ ዝም ካላችሁ ዱላው ከእናንተ ደጅ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ወደ ኮንትራክተሩ ልመለስ

ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ታፔላው አለ፤ ስኳድራውና ኮምፓሱ ግን በነጭ ቀለም ተደፍነዋል። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጋሼ ቡና አስፈሉልኝና ጠጣን። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

“ልጄ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ። ግን ያኔ የጻፍከው ለእኔ ብቻ አልነበረም፤ ለአገር ነው። አሁን የምትለኝን ግን ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ነው የምትነግረኝ።”

መልስ አልነበረኝም። ያቺ የጻፍኩባት ጋዜጣም ተዘግታለች። ስለዚህ ዛሬ በዚህ አዳራሽ፣ ነገ ደግሞ ንግግሬን ለማተም ፈቃደኛ በሆነው ጋዜጣ ላይ እላለሁ፦ ያ ጽሑፍ ሐሰት ነበር። ሰውየው ግንበኛ ናቸው። ማስረጃ አልነበረኝም፤ አልፈለግሁምም።

የዚህች ጋዜጣ አንድ ቅጂ ለጋሼ እወስድላቸዋለሁ። እንግዲህ የእኔ ወረቀት ይኸው ነው።