ስለ ሾላና ስለ ጦጣ ወዳጅነት
በሉማሜ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ በሉማሜ የሚያልፍ ሰው ማሳና ባሕር ዛፍ በብዛት ያያል፤ ያረጀ የአገር ዛፍ ግን ይልቁንም በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በወንዝ ዳር ይፈልጋል። ከእነዚህም አንዱ ሾላ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ ዛፍና ስለ ወዳጁ ስለ ጦጣ ነው።

ሾላ እግር የለውም፤ ልጆቹንም ከጥላው አርቆ ሊያሰፍር አይችልም። ከሥሩ የወደቀ ዘር ብርሃን አጥቶ ይቀጭጫል። ስለዚህ ዘሩን በጣፋጭ ፍሬ ሸፍኖ ለመንገደኛ ያቀርባል። ጦጣም መጥታ ትበላለች። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ብዙው ከጥርሷ ያመልጣል፤ ከሆዷም ሕያው ሆኖ ይወጣና ከዓይነ ምድሯ ጋራ በሩቅ ስፍራ ይወድቃል። ወፎችና የሌሊት ወፎችም በዚህ ሥራ ይረዱታል። ሾላም በበኩሉ ሌሎች ዛፎች ፍሬ በሚነሡበት ወራት ጭምር ያፈራልና በችግር ቀን መጋቢዋ ነው።

ምናልባት «ጦጣ የእሸታችን ሌባ ናት፤ ስለ ምን ታመሰግናታለህ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ማሳ የጠበቀ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ዳሩ ግን ሾላው ከተቈረጠ በኋላ ከማሳው በቀር ወዴት ትሂድ?

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ በሰሜን ኢትዮጵያ ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አፈር መርምረው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተከማችቶ እንደማይገኝ አስረድተዋል። ጐተራው ባዶ የሆነ ገበሬ በየዓመቱ አዲስ ዘር ይሻል፤ ደንም እንዲሁ ነው። ዘር አምጪው እንስሳ ከራቀ፤ የበቀለውንም ችግኝ ከብት ከረገጠው፤ ሽማግሌው ዛፍ ያለ ወራሽ ይወድቃል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቹን ወደ ሾላው አውጥታችሁ ከሥሩ የበቀለውንና ከሩቅ የበቀለውን ቡቃያ አስቈጥሯቸው፤ ልዩነቱን በዓይናቸው ይዩት። ሽማግሎች ሆይ፤ ስለ ግጦሽ በምትፈርዱበት ጊዜ ለችግኙ ከከብት የሚከለል ጥቂት ስፍራ አስለዩ። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ለገበያ ይደርሳል፤ ለጦጣ ግን የሚበላ ፍሬ የለውም። ሾላን የተከለ ሰው ፍሬውን ሳያይ ቢሞት እንኳ፤ ጦጣይቱ ለልጅ ልጆቹ ታደርስለታለች።