ስንቅ ይዞ ወደ መተማ

እሷ፦ ክረምት ሲገባ ከሮብ ገበያ፣ ከቢቸናና ከሞጣ አካባቢ ስንቱ ወጣት ወደ መተማና ሁመራ ሰሊጥ እርሻ ይወርዳል! ሐምሌ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለአጨዳ።

እሱ፦ ስንቁም በሶና ድርቆሽ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ካለ ደጋ ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለ ቆላ።

እሷ፦ ከሁሉ የሚናፍቀው ምን ይመስልሃል?

እሱ፦ የጤፍ እንጀራ የሚሉ አሉ፤ እዚያ የማሽላ ነውና። እኔ ግን የእናት ቤት መደብ እላለሁ። ደጋ ብርድ ቢሆንም ጋቢ ተከናንበው ይተኛሉ። እዚያ አዳሩ ዳስ ውስጥ ወይም ግራር ሥር ነው፤ ወባ አለ፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ።

እሷ፦ የደገኛ ሰውነት ደግሞ እነዚህን አልለመደም። ናፍቆቱ የድሎት ብቻ አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ነው። አጎበርን አሠሪው እንደ ማጭድ ሊያቀርብ ይገባል፤ በዚህ አልደራደርም።

እሱ፦ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አገር ቤት ተመልሶ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው የጉዞ ድካም ነው ብሎ አይተኛ። ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ መተማ ወይም ሁመራ መክረሙን ሳይጠየቅ ይናገር።