ለጨዋታችን ሰው ስናዘጋጅ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሚና ጨዋታውን አብረን ተጫውተነዋል። ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ከጨዋታው በፊት ስላለው ሥራ ነው። ካርዶቹን የምናዘጋጀው ሦስት ነን። «እነዚህን ሰዎች ከየት ነው የምታመጧቸው?» እያላችሁ ስትጠይቁን ቆይታችኋል። አንዲት እናታችንማ «ሰው የሚፈጥር ፈጣሪ ብቻ ነው፤ እናንተ ደግሞ ምን ቤት ናችሁ?» ብለው አስቀውናል። እውነታቸውን ነው። እኛ የምናዘጋጀው ሰው ያለው በካርድ ላይ አምስት መስመር ብቻ ነው። ነገር ግን አምስት መስመርም ሰው ሊያስከፋ እንደሚችል በራሳችን ጥፋት ተምረናል።

አዲስ ለገባችሁ እህቶች ባጭሩ እናስረዳ። የሚና ጨዋታ ስንል ድራማ ማለታችን አይደለም። ድራማ ደራሲ አለው፣ መድረክ አለው፣ ተመልካች አለው፤ ተዋናይዋም የተጻፈላትን ቃል አጥንታ ትናገራለች። በእኛ ጨዋታ ቁጭ ብሎ የሚያይ የለም፤ አጥንተን የምንናገረውም የለም። እያንዳንዷ አንድ ካርድ ትወስዳለች፣ ሻርፕ ታስራለች፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል የካርዷን ሴት ትሆናለች። ንግግሩን ከራሷ ታመጣለች።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ልጆች ሆነን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት «እኔ እናት፣ አንቺ ልጅ» ተባብለን በቆርኪ ወጥ ሠርተናል። በትልልቆቹም ዘንድ አለ። ሽማግሌ ሲላክ አስታውሱ። የመጡበትን ጉዳይ የልጅቷ አባት ያውቀዋል፣ ጎረቤቱም ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ግን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ። አባትም ምንም እንዳልሰማ ሰው «ምን እግር ጣላችሁ?» ይላል፤ ዘመድ ላማክር ብሎም ቀጠሮ ይሰጣል። ሁሉም ሚናውን ይዞ ስለሚናገር፣ እምቢ ቢባል እንኳ ማንም ሳይዋረድ ይለያያል።

በሌላውም ዓለም አዋቂዎች ይጫወቱታል። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ባስፋፋው አሠራር፣ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ የተጨቆነውን ሰው ቦታ እንዲወስድና «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» ብሎ በተግባር እንዲያሳይ ያደርግ ነበር። በስካንዲኔቪያ አገሮች ደግሞ ሰዎች ለቀናት ተሰብስበው፣ ሌላ ሰው ሆነው ውለው ያድራሉ። የእነሱ አዘጋጆች በ1997 ኦስሎ ላይ ተገናኝተው ልምድ መለዋወጥ ጀመሩ፤ ስብሰባው እስካሁን በየዓመቱ ይደረጋል። ፍልስጤማውያን በራማላ ሲጀምሩት ያወጡለት ስም በዓረብኛ ዕቃ ዕቃ ማለት ነው። ይህን ስንሰማ ደስ አለን።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ስናዘጋጅ ጉዳዩ የብድር ስብሰባ ነበር። ካርድ ለመጻፍ ስንቀመጥ ወዲያው የመጣልን ሰፈራችን ነው። አንዱን ካርድ እንዲህ ብለን ጻፍነው፦ «ጉሊት የምትቸረችር፣ ባሏ መጠጥ የሚያበዛ፣ ብድር ወስዳ ሳትመልስ የቀረች።» ስም አልጻፍንም። ስም ካልተጻፈ ሰው የተነካ አልመሰለንም። ካርዱ የደረሳት እህታችን ሻርፑን አስራ መናገር ስትጀምር ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከሳቁ በኋላ ግን ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ዞረ። ካርዱን የቀዳንባት እህታችን እዚያ ተቀምጣ ነበር። እሷም አብራን ሳቀች።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀረች። ቁጠባዋን ግን በልጇ እጅ ላከች። በሦስተኛው ሳምንትም ልጅቷ ደብተሩንና ሃምሳ ብሩን ይዛ መጣች፣ አስፈርማም ሄደች። ስኳርና ቡና ይዘን ሦስታችን ቤቷ ሄድን። ቡናውን አፈላችልን። ከዚያ እንዲህ አለችን፦ «ስለ ብድሩ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ስንት ጊዜ መልስ አዘጋጅቼ መጣሁ። አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም። ሳቃችሁብኝ።»

የምንመልሰው አልነበረንም። ሰበቧን ሳንጠይቅ ታሪኳን ወስደን ለሳቅ አውለነዋል። ዛሬ ይህን የምንናገረው እሷ ፈቅዳልን ነው። ንግግሩን አስቀድማ አይታዋለች፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰርዛበታለች፤ የሰረዘችውን አናነበውም።

ከዚያ ወዲህ ካርድ የምንጽፍበትን መንገድ ለወጥን።

አንደኛ፣ ከጎረቤት አንነሣም። ከሦስታችን አንዷ የምትተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው፤ ነገሩን ሁሉ በገቢና ወጪ ማየት ትወዳለች። እሷ ባመጣችው ሐሳብ እያንዳንዱ ካርድ አምስት መስመር አለው፦ ያላት፣ ያለባት፣ የምትፈልገው፣ የምትፈራው፣ ከሌላዋ ጋር የሚያገናኛት። ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን በጆሯቸው እንነግራቸዋለን፤ አምስት ነገር በቃል ይያዛል። ስም ስናወጣም በማኅበራችን መዝገብ ውስጥ የሌለ ስም እንመርጣለን።

በሁለተኛው የብድር ጨዋታ ያዘጋጀነውን እንንገራችሁ። በሳጥኑ ውስጥ 12,000 የጨዋታ ብር አለ። እንጀራ ጋጋሪዋ ለሁለተኛ ምጣድ ቅድሚያ ክፍያ 8,000 ትፈልጋለች። ልጅ የምታስተምረዋ ለትምህርት ቤት 6,500 ትፈልጋለች። አትክልት ነጋዴዋ ለዕቃ መግዣ 5,000 ትፈልጋለች። ሲደመር 19,500 ነው። ጋጋሪዋ የጠየቀችው ሙሉ በሙሉ ከተሰጣት ለሁለቱ የሚበቃ አይተርፍም። ሁለቱ ከወሰዱ ደግሞ ለእሷ የሚቀረው 500 ብቻ ነው። ቁጥሩን እንዲህ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ገንዘቡ ለሁሉም ቢበቃ ጨዋታ የለም፤ ሁሉም ይስማማል፣ ቡና ይጠጣል። ለማንም የማይበቃ ቢሆን ደግሞ ጠብ ብቻ ይሆናል። እንዲነጋገሩ የሚያደርጋቸው መካከለኛው ነው።

በዚያ ላይ አምስተኛውን መስመር ጨመርን። ጋጋሪዋ እንጀራ በዱቤ የምትሰጠው ለልጅ አስተማሪዋ ነው። እንግዲህ ትከራከራታለች ወይስ ታልፋታለች? ይህን ካርዱ አይናገርም። ተጫዋቿ ትወስናለች።

ሁለተኛ፣ ያለ ምክንያት ክፉ የሆነ ሰው አንጽፍም። ስለ ዓረብ አገር ጉዞ በተጫወትንበት ቀን የደላላውን ካርድ መጀመሪያ የጻፍነው «ውሸታም፣ ጨካኝ» ብለን ነበር። የወሰደችው እህታችን ጮኸች፣ ተቆጣች፤ ሳቅንና ተበተንን። ማንም ምንም አልተማረም፤ እንደዚያ የሚጮህ ደላላ ቢመጣማ ማን ይከተለዋል? ካርዱን እንደገና ጻፍነው። ደላላው የሰፈር ልጅ ሆነ፣ እህቱ ቤይሩት ያለች፣ የቤት ኪራይ የደረሰበት፣ ሴቱን ሁሉ «እናቴ» እያለ የሚጠራ። ለቪዛና ለትኬት ብሎ 30,000 ብር ይጠይቃል። በዚህኛው ዙር ተጓዥዋን የተጫወተችው እህታችን ወርቋን ልትሸጥ ተስማምታ ነበር። ሻርፗን ስትፈታ «እኔ እንዲህ የዋህ ነኝ እንዴ?» አለች። የዋህ ስለሆነች ሳይሆን በደግ አንደበት ስለመጣባት ነው። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው መሆኑን፣ ላኪውም ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ የነገርናት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ቀን የሰማችው ሕግ ከአእምሮዋ የሚጠፋ አይመስለንም።

ሦስተኛ፣ ካርዱን ሞልተን አንጽፍም። በመጀመሪያ ሰሞን የካርዷ ሴት የት እንደተወለደች፣ ምን እንደምትወድ፣ ምን ብላ እንደምትመልስ ሳይቀር ጽፈን ነበር። ተጫዋቾቹ እንዳይሳሳቱ ፈርተው አፋቸው ተያዘ። አሁን ግማሹን ባዶ እንተዋለን። አንዲት ዝምተኛ እህታችን በባዶው ቦታ «ከዚህ በፊት ሊቀመንበር ነበረች» ብላ ጨምራ፣ ያንን ስብሰባ እንዴት እንደመራችው ያያችሁ ታውቃላችሁ። እኛ ብንጽፍላት ይህን አንሰጣትም ነበር።

አራተኛ፣ የመውጫ በር እናዘጋጃለን። ካርድ ሲሰጥ «ይህን አልፈልግም» ማለት ይቻላል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። በጨዋታው መካከል አንዷ የከበዳት እንደሆነ «ቡና ደርሷል» ትላለች፤ በዚያው ቅጽበት ሁሉም ሻርፑን ይፈታል። ሻርፑ ሲፈታ የካርዷ ሴት ሄዳለች። የተናገረችውን ስድብ፣ የከለከለችውን ብድር ከበር ውጭ ይዞ መሄድ የለም። እያንዳንዷ ስሟን ተናግራ በራሷ ቦታ ትቀመጣለች።

ከዚያ ቡናው በእውነት ይመጣል። በአቦል የምንጠይቀው «የካርድሽ ሴት ምን ደረሰባት?» ብለን ነው። በቶና «አንቺስ ምን ተሰማሽ?» እንላለን። በበረካ «በማኅበራችን ምን እንቀይር?» እንላለን። ቅደም ተከተሉን አናዛባም። መጀመሪያ ስለ ካርዷ ሴት ማውራት ይቀላል፤ ስለ ራስ ማውራት ጊዜ ይፈልጋል።

ከበረካ የወጣ አንድ ነገር አሁን በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ አለ። ብድር ያዘገየች አባል ስሟ በስብሰባ ከመነበቡ በፊት ሁለት አባላት ቤቷ ሄደው ሰበቧን ይጠይቃሉ። ይህን ሐሳብ ያመጣችው በጨዋታው የገንዘብ ያዥን ካርድ ይዛ፣ ተበዳሪዋን በጉባኤ ፊት ያፋጠጠች እህት ናት። «ስናገራት የራሴ ድምፅ አስጠላኝ» ነበር ያለችው። ቁጥሩን የሚያውቁ እንደሚሉት ብድር አስመላሽ ሲለሰልስ ገንዘብ ይጠፋል። እኛም ፈርተን ነበር። ደንቡ ከጸደቀ ወዲህ ግን ዘግይተው የነበሩት ሁለት አባላት የከፈሉት ቤታቸው ከተሄደ በኋላ ነው። አንደኛዋ የክፍያው ጊዜ እንዲራዘምላት ብቻ ነበር የፈለገችው፤ ለመጠየቅ አፍራ ነበር።

ሰፈራችን ዓለም ባንክ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ብድር ከተሠራው የቤቶች ፕሮጀክት ነው። በባንክ ስም በተጠራ ሰፈር እየኖርን፣ ለዋስትና የምናስይዘው ስለሌለን ብዙዎቻችን ባንክ ገብተን መበደር አንችልም። የምንበደረው እርስ በርሳችን ነው፤ የምናስይዘውም መተማመናችንን ነው። ለዚህ ነው በካርድ ላይ የምንጽፈው አምስት መስመር ያን ያህል የሚያስጨንቀን። በጨዋታ የተነካ መተማመን በእውነተኛው ሳጥን ላይ ይታያል።

ያቺ እህታችን ተመልሳለች። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አንናገርም።

የሚቀጥለው ጨዋታችን በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ አከራይና ተከራዮች ነው፤ ስለ ውኃ ተራ፣ ስለ መብራት ቆጣሪና ስለ ኪራይ ጭማሪ። አከራይ የሆናችሁ የተከራይን ካርድ፣ ተከራይ የሆናችሁ የአከራይን ካርድ ብትሞክሩ ደስ ይለናል፤ ግዴታ ግን አይደለም። በካርዶቹ ላይ ራሷን ያየች ካለች ከጨዋታው በፊት ትንገረን፣ እንቀዳዋለን። ሻርፕ ይዛችሁ ኑ። መጫወት የማትፈልግ ቡና ታፍላልን፤ ያለ ቡናው ጨዋታው አያልቅም።