ስሕተቱ የማን ነው?

የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራም አዘጋጆች ትዝታ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ ሒሳብ ተሳስቶ ሲገኝ «ኮምፒዩተሩ ነው የተሳሳተው» ማለት በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ መልስ ሆኗል። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። በኮምፒዩተር የጨቅላነት ዘመን ግን መልሱ ይህን ያህል ቀላል አልነበረም። መሣሪያው በእርግጥ ይሳሳት ነበር፤ ፕሮግራም አዘጋጁም እንዲሁ። የቀደምቶቹ ባለሙያዎች ትዝታ ሲመረመር፣ የዘወትር ትግላቸው ጥፋቱን ከባለቤቱ ማገናኘት እንደ ነበረ ይታያል።

በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤኒያክ ወደ 30 ቶን ይመዝን ነበር፤ 18,000 ያህል የቫኪዩም ቱቦዎችም ነበሩት። ፕሮግራሙን ያዘጋጁት ስድስት ወጣት ሴቶች ነበሩ። የመመሪያ መጽሐፍ ስላልነበረ፣ ወደ ክፍሉ ለመግባት እንኳ ገና ሳይፈቀድላቸው መሣሪያውን ከንድፉ አጠኑት፤ ውሎ አድሮም የተበላሸውን ቱቦ ለይተው እስከ ማመልከት ደረሱ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1946 መሣሪያው ለእንግዶች ሊታይ በዋዜማው፣ የመድፍ ጥይትን ጉዞ የሚያሰላው ፕሮግራም አልቆም አለ፤ ጥይቱ መሬት ከነካ በኋላም ምድርን እየሰረሰረ እንደሚወርድ ሁሉ ስሌቱ ቀጠለ። ጂን ጄኒንግስ በኋላ እንዳስታወሱት፣ የሥራ ጓደኛቸው ቤቲ ስናይደር ችግሩን እያሰላሰሉ ተኙ፤ ሌሊት መፍትሔው ተገለጠላቸውና በማለዳ መጥተው አንድ ማዞሪያ ብቻ ለወጡ። ቱቦዎቹ ጥፋት አልነበረባቸውም።

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን የፈጸመው እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1949 ነው። መሪው ሞሪስ ዊልክስ ብዙም ሳይቆዩ 126 ትእዛዞች ያሉት ፕሮግራም ጻፉ፤ በውስጡም 20 ያህል ስሕተቶች ነበሩ። ኤድሳክ ከላይኛው ፎቅ፣ የወረቀት ጥብጣቡ መብሻ ደግሞ ከበታቹ ነበርና በደረጃው መመላለስ ግድ ሆነ። ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው እንደ ገለጡት፣ ከቀሪ ዕድሜያቸው ብዙው የራሳቸውን ስሕተት በመፈለግ እንደሚያልፍ የተገነዘቡት በዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አስገራሚ ጠባይ የነበረው ግን አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው 1620 ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ለመደመር የተሠራ ልዩ ክፍል አልነበረውም። ሁለትና ሦስትን ለመደመር፣ ተማሪ የማባዣ ሰንጠረዥ እንደሚመለከት፣ በማስታወሻው ውስጥ ከ300 እስከ 399 ባሉት ቦታዎች የተጻፈውን ሰንጠረዥ ያነብ ነበር፤ የማባዣው ሰንጠረዥም ከ100 እስከ 299 ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎቹ «መደመር አይችልም፤ ሊሞክርም አይፈልግም» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሰንጠረዡን በብልሃት ቢለውጡት ከአሥር በታች በሆነ የቁጥር ሥርዓት ማስደመር ይቻል ነበር። ሆኖም ሰንጠረዡ ከሌላው መረጃ ጋር በአንድ ማስታወሻ ውስጥ ስለሚኖር፣ አንድ የተዛባ ትእዛዝ በላዩ ላይ ሌላ ቁጥር ሊጽፍበት ይችላል። ያን ጊዜ መሣሪያው አይጮኽም፣ አይቆምም፤ የተሰጠውን ሐሰት በታማኝነት እየደመረ ይቀጥላል። መድኃኒቱ ሰንጠረዡን ከተበሱት ካርዶች እንደገና መጫን ነበር፤ ይህ የሚሆነው ግን አስቀድሞ የተጠራጠረ ሰው ሲኖር ነው።

እነዚያ መሣሪያዎች ዛሬ የሙዚየም ዕቃ ሆነዋል። ያሁኖቹ ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸሩ ብልሽታቸው እጅግ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ስሕተት በቀነሰ ቁጥር የሰው ድርሻ እየጎላ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። መልሱ የታወቀ ሒሳብ አስቀድሞ አሠርቶ ማመሳከር፣ ውጤቱም ከእውነተኛው ዓለም ጋር መስማማቱን መመልከት ከሞያው ግዴታዎች አንዱ ነው። ጥይት ምድርን ሰርስሮ አያልፍምና። በድልድይ ንድፍ ወይም በደመወዝ መዝገብ ግርጌ የሚፈርመው ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ የሚጠየቀውም ፈራሚው ነው።