ውሻችንን ይዘን ወደ ላንጋኖ



አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፥ በቂርቆስና በካዛንቺስ ያደግን ልጆች በአሸዋ ላይ መሮጥ ሲያምረን የምናስበው ላንጋኖን ነው። ሐይቁ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ውሃው ቡናማ ነው። በዕረፍታችን ጊዜ የዘበኛውን ፈቃድ ጠይቀን ውሻችንን መቻልን ይዘን ገባን።

መቻል ከግቢ ወጥቶ የማያውቅ ስለ ነበረ መጀመሪያ ማዕበሉን ጮኸበት። ኋላ ግን ከውሃው አልወጣም አለ! በዚህ መካከል አንድ ሕፃን አይቶት ደንግጦ ሮጠ፤ መቻልም ጨዋታ መስሎት ተከተለው። የሕፃኑ እናት ልጃቸውን አንሥተው አቀፉና፥ «ለመሆኑ ውሻው ተከትቧል?» ብለው ጠየቁን። እርስ በርሳችን ተያየን። አልተከተበም ነበረ።

ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ ከያዛቸው 100 ሰዎች 99ኙን ያህል የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ሄዶ መከተብ አለበት። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በ1877 ዓ.ም. ለሰው ሰጥቶ ነበረ፤ እኛ ግን ዳቦና ኳስ ስናሰናዳ የውሻችንን ክትባት ረሳን።

የቀረውን ቀን መቻል በገመድ ታስሮ ዋለ። እንደ ተመለስን አስከተብነው። በሚመጣው ዕረፍት እንደገና ስንሄድ ወረቀቱን እንይዛለን፤ እኒያን እናት ብናገኛቸው እናሳያቸዋለን።