የሕንፃ ጥበብ መጀመሪያ ትምህርት
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 ንግግራችን የተዘጋጀው በተለይ ዘንድሮ ወደ ትምህርት ቤታችን ለገቡት ተማሪዎች ነው። ነገር ግን ቤት የማያስፈልገው ሰው የለምና ለሁላችንም የሚሆን ፍሬ አይታጣበትም ብለን እናምናለን።

የሕንፃ ጥበብ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚታሰበው ከፍ ያለ ፎቅና የሚያብረቀርቅ መስተዋት ነው። ይሁን እንጂ የምንኖረው፣ የምንማረውና የምንጸልየው በግድግዳው ውስጥ ሳይሆን ግድግዳው በከለለው ስፍራ ነው። ስለዚህ የሕንፃ ጥበብ ማለት ስፍራን ለሰው ኑሮ እንዲስማማ አድርጎ የመከለልና የማዘጋጀት ዕውቀት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ቪትሩቪየስ የተባለው የሮማ የሕንፃ ሊቅ፣ ለሕንፃ ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት በመጽሐፉ አስተምሯል። እነዚህም ጥንካሬ፣ ጥቅምና ውበት ናቸው። እኛም በዚሁ ተራ እንሄዳለን።

አንደኛው ጥንካሬ ነው። ማንኛውም ሕንፃ ክብደት አለው፤ ክብደቱም መንገድ አግኝቶ ወደ መሬት መውረድ አለበት። የገጠሩን ጎጆ ቤት እንመልከት። የሣሩ ክዳን በማገርና በወራጅ ላይ ያርፋል፤ ወራጁም ሸክሙን ለመካከለኛው ምሰሶና ዙሪያውን ለቆሙት የግድግዳ እንጨቶች ያስረክባል፤ እነርሱም ወደ መሬት ያወርዱታል። ይህን በሚገባ የተረዳ ተማሪ የትልቁንም ፎቅ ምሥጢር ጀምሮታል፤ ስሙ ወለል፣ አግዳሚና ዓምድ ተብሎ ይለወጣል እንጂ የክብደቱ ጉዞ ያው ነውና።

ዕቃውም ሁሉ እንደ ጠባዩ ነው። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን የቆረቆሩት አፄ ፋሲል ባሠሩት ግንብ በሮች ላይ የምናየው ቅስት፣ ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው እየተጫኑ እንዲደጋገፉ የተሠራ ነው። በዛሬው አርማታ ደግሞ ኮንክሪቱ መጫንን፣ በውስጡ የተቀበረው ብረት መሳብን እየቻሉ በኅብረት ይሠራሉ። በሁለት ዓምድ ላይ ባረፈ አግዳሚ ውስጥ ዋናው ብረት በታች በኩል የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሸክም ሲያርፍበት የሚለጠጠው ታችኛው ጎኑ ስለ ሆነ ነው።

መሬቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ እንደሚገባ ካልተሠራም በላዩ የቆመውን ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቃል። ከዚህም በላይ ስምጥ ሸለቆ አገራችንን አቋርጦ የሚያልፍ በመሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንግዲህ በመሠረትና በብረት ላይ የሚደረግ ቁጠባ በሰው ሕይወት ላይ የሚደረግ ቁጠባ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ነው። ሕንፃ ለተሠራበት ሥራ ካልተመቸ፣ ቢጠነክርም ጥንካሬው ከንቱ ነው። በሐረር ጀጎል ቤት ዋናው ክፍል ወለሉ በልዩ ልዩ ከፍታ በመደብ የተከፈለ ነው፤ ሽማግሌው፣ እንግዳውና ልጁ እንደ ማዕረጋቸው የሚቀመጡበት ስፍራ ያለ ግድግዳ ተለይቶ ይታወቃል። ቤቱ የቤተሰቡን ሥርዓት ያውቃል ማለት ነው።

ፀሐይም የቤቱ ባለ ድርሻ ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በቀትር ጊዜ ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በሁለቱም ወራት ቀትር ላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ጣራው ጥቂት ወጣ ቢል ይከላከላታል። የጧትና የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት በቀጥታ ትገባለች። በደጋ የጧት ፀሐይ በረከት ናት፤ በቆላ ግን ሰፊ መስተዋት ወደ ምዕራብ መክፈት ቤትን ምድጃ ማድረግ ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ ሕንፃ በእኛ አገር የማይመቸው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ውበት ነው። ውበት ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቀባ ቀለም ብቻ አይደለም። በአክሱም ትልልቅ ሐውልቶች ላይ የተቀረጹትን በሮች፣ መስኮቶችና የእንጨት ጫፎች ስናይ የጥንቱን የቤት አሠራር እናያለን። እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የሚገነቡበትን ያን አሠራር በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ መመልከት ይቻላል። ግድግዳውን ያያያዘው እንጨት ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቶ ጌጥ ሆነ። ውበቱ ከሥራው የተወለደ ነው ማለታችን ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው፣ አርቱሮ መዜዲሚ ንድፉን ባወጣው የአፍሪካ አዳራሽም የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፍራ ይዞ የውጭውን ብርሃን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል።

እነዚህን ሦስቱን የሚያስተባብራቸው ንድፍ ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ቋጥኝ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ሌላው ሕንፃ ድንጋይ በመጨመር ሲሠራ ይህ በመቀነስ ተሠርቷል፤ ተጠርቦ የወደቀ ድንጋይ ደግሞ ተመልሶ አይገጠምም። እንግዲህ ጠራቢዎቹ መሮውን ከማሳረፋቸው በፊት ሕንፃውን በሐሳባቸው ፈጽመው አይተውት ነበር። እኛም ከመቆፈራችን በፊት በወረቀት ማየት አለብን። ከላይ የታየውን ፕላን፣ ተቆርጦ የታየውን ሴክሽን፣ ከፊት የታየውን ኤሌቬሽን እንላቸዋለን። በ1:100 መለኪያ 8 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል በወረቀት ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው ሁሉ፣ በወረቀት ላይ ያልታሰበ ነገር በግድግዳ ላይ ሲታሰብ ዋጋው ብዙ ነው።

ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ትምህርቱን ዛሬውኑ ከመማሪያ ክፍላችሁ ጀምሩ። ርዝመቱንና ስፋቱን ለክታችሁ ንደፉ። ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ሰሌዳውን ያይ እንደ ሆነ፣ አደጋ ቢደርስ ሁሉም በበሩ ቶሎ መውጣት ይችሉ እንደ ሆነ መርምሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ወዲህ በአገራችን ይህን ሙያ መማር ተችሏል። ወደዚያ የሚያደርሰውም ዛሬ የምንማረው ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ሥዕልና ታሪክ ነው።

ሁላችንም የሕንፃ ሊቅ አንሆንም፤ ብዙዎቻችን ግን አንድ ቀን ቤት እናሠራለን። በዚያን ጊዜ ገንዘባችን ለሁሉም ባይበቃ፣ ከመሠረቱ ቀንሰን ለአላፊ አግዳሚው ዐይን መስተዋት እንጨምራለን ወይስ ልጆቻችን ያለ ስጋት የሚያድሩበትን እንመርጣለን? በመሬት ውስጥ የተቀበረውን መሠረት የሚያመሰግን መንገደኛ የለም። ቢሆንም ቤቱን ችሎ የሚኖረው እርሱ ነው።

ትምህርት ቤታችንን በመልካም መሠረት ላይ ያቆሙትን ሁሉ እግዚአብሔር ይባርክ።