ደጋው፣ ዲከረንሱና የአፈራችን ጉልበት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በቆሰበር የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ከውጭ የመጡ ተክሎች በአፈራችን ላይ የሚያደርሱትን ለውጥ የሚመለከት ነው። ይህ ጉዳይ በአዊ ሲነሣ ዲከረንስን ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። ዛፉ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። በፋግታ ለኮማ፣ በባንጃና በአካባቢው ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ በሁለተኛው ሣሩን ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በዚሁ ገንዘብ ነው። በደቡብ አፍሪካ ግን ይኸው ዛፍ ከወራሪ ተክሎች ተርታ ተመዝግቧል።

ዲከረንስ እንደ ባቄላ የጥራጥሬ ወገን ነው። በሥሩ ዕባጮች ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ዘአካላት ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ይመግቡታል። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑ ለአፈሩ ይተርፋል። በአፋር ቆላ የግጦሽ መሬት የወረረው ፕሮሶፒስም የዚሁ ወገን ነው። ሆኖም የአዋሽ ቆላ አፈር ዝናብ አጥሮት ጨው ያስቸግረዋል፤ የእኛ ደግሞ ዝናብ በዝቶበት ይኮመጥጣል። ወገኑ አንድ የሆነ ዛፍ እንደ ቦታው ከፍታ የሚያገኘው አፈር ይለያያል ማለት ነው።

ቆሰበር 2500 ሜትር፣ ዳንግላ 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በየ100 ሜትሩ ስንወጣ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ቆሰበር ከዳንግላ ሁለት ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። ብርድ ሲበረታ ደቂቅ ዘአካላቱ ሥራቸው ይዘገያል፤ የረገፈው ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ምግቡም ታስሮ ይቆያል። ወደ ጃዊ ቆላ ብንወርድ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ቶሎም ይባክናል። በደጋው ላይ ዝናቡ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን አጥቦ ይወስዳል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥር ይጎዳል፣ ፎስፎረስንም ያስራል። የባቄላ ሥር ባክቴሪያም ይዳከማል።

ስለዚህ «ዲከረንስ መሬቱን አዳነው» የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ናይትሮጅንና ብስባሽ ያመጣል፤ ፎስፎረስ ግን አያመጣም። እንዲያውም ናይትሮጅን ሲበዛ አፈሩን ይበልጥ ሊያኮመጥጠው ይችላል። ከሰል የተከሰለበት ቦታ ላይ ጤፉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚያምረው ከዛፉ ይልቅ በአመዱ ምክንያት ነው። ዛፉ ከመላው ማሳ የለቀመው ካልሲየምና ፖታሲየም በአንድ ቦታ ይከማቻል፤ የቀረው ማሳ ባዶውን ይቀራል። አመዱንና የከሰሉን ድቃቂ በማሳው ሁሉ መበተን ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ እስከማየው ግን የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው።

በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን ዋግ መትቶታል። ብዙዎቻችሁ ዛፉን አንሥታችሁ ወደ እህል እየተመለሳችሁ ነው። ገብስ ኮምጣጣ አፈር አይወድም፤ ድንች የተሻለ ይችለዋል፣ በእሱ መጀመር ይሻላል። የዲከረንስ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ መሬት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ እሳት ሲነካውም ይበቅላል። ስለዚህ ማክሰያው ዙሪያ የሚወጣውን ችግኝ በየክረምቱ መንቀል ያስፈልጋል። ወንዝ ዳርና የጋራ ግጦሽ ላይ ግን ፈጽሞ ባይተከል እላለሁ። ሳር የጠፋበት መስክ ለፈረሶቻችንም አይበጅም።

ዩኒየኑን የምጠይቀው ስለ ኖራ ነው። ዩሪያ ብቻ መደጋገም አሲዱን ያባብሳል። ኖራ ደግሞ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ ከአፈር ጋር መደባለቅ አለበት፤ በሰኔ ቢደርሰን ለዚያ ዓመት አይጠቅመንም። ዲከረንስ የነበረበትና ያልነበረበት ማሳ ፍላጎቱ ስለሚለያይ የአፈር ናሙናው ለየብቻ ይወሰድ። አባላት የማሳችሁን ስፋት እስከ ጥር መጨረሻ ለመሠረታዊ ማኅበራችሁ ብታስመዘግቡ ዩኒየኑ በጅምላ ለማጓጓዝ ጊዜ ያገኛል። ናሙና አወሳሰዱን በየቀበሌው ያለነው የልማት ሠራተኞች ከእናንተ ጋር ማሳው ላይ ቆመን እንሠራለን።